ስድስቱ የቡልዶግስ ባንክ ሕፃናትና የእኛ መዋዕለ ሕፃናት፦ ስለ አንድ የቆየ ጥናት የቀረበ ሒስ

ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ከተጻፉት ጥናቶች መካከል መጠናቸው አነስተኛ ሆኖ ሳለ ስማቸው ከዘመን ወደ ዘመን ሲጠቀስ የኖረ ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ አና ፍሮይድና ሶፊ ዳን «በቡድን የማሳደግ ሙከራ» በሚል አርእስት እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ «የሕፃናት ሳይኮአናሊቲካዊ ጥናት» በተባለው ዓመታዊ መድበል ስድስተኛ ቅጽ ውስጥ የወጣ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከአርባ ገጽ ብዙም አያልፍም። የሚተርከውም ከናዚ ማጎሪያ ሠፈር የተረፉ ስድስት ወላጅ አልባ ሕፃናት በእንግሊዝ አገር በአንዲት ቤት ውስጥ አንድ ዓመት እንዴት እንዳሳለፉ ነው።

ይህ ጥናት በሥነ ልቦና መማሪያ መጻሕፍት ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ይኸውም እናት የሌላቸው ሕፃናት አንዱ ለሌላው የእናትን ቦታ ሊሞላ መቻሉን ያስረዳ ጥናት ነው እየተባለ ነው። አባባሉ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ከአገሩ ተፈናቅሎ የመጣን ሕፃን በመዋዕለ ሕፃናት ለሚቀበል መምህር ወይም ሞግዚት ብዙም አይጠቅምም። ጥናቱ በጥሞና ሲነበብ ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው፣ አዲስ የመጣ ስደተኛ ሕፃን አብረውት ከመጡት ሳይነጠል መቀበል እንዳለበት ነው። ሁለተኛው፣ ሕፃኑ ይዞት በመጣው ቋንቋ የሚሰማው ሰው ማግኘት እንዳለበት ነው። ደራሲዎቹ አንደኛውን በሰፊው ያስረዳሉ፤ ሁለተኛውን ግን በሥራ ላይ አውለውት ሳለ የውጤቱ ምክንያት አድርገው አይቆጥሩትም። የዚህ ሒስ ዓላማ ሁለቱንም አውጥቶ ማሳየትና በአገራችን ሁኔታ ምን ፋይዳ እንዳላቸው መመርመር ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። አገራችን በአፍሪካ ውስጥ ብዙ ስደተኞችን ከሚያስተናግዱት አገሮች አንዷ ናት። በደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በጋምቤላ በኩል የገቡት፣ በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ውጊያ ከተጀመረ በኋላ በመተማና በኩርሙክ በኩል የመጡት፣ እንዲሁም ከሶማሊያና ከኤርትራ የተሰደዱት ከነልጆቻቸው በመካከላችን ይኖራሉ። የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ስደተኞች በቅድመ አንደኛ ደረጃና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያውያን ጋር እኩል እንዲስተናገዱ ደንግጓል። እ.ኤ.አ. የ1951 ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት እኩልነቱን በስም የጠቀሰው ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ብቻ ስለሆነ፣ የእኛ አዋጅ በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል። ሆኖም ሕግ በር ይከፍታል እንጂ በበሩ የገባው ሕፃን በማን አጠገብ እንደሚቀመጥ አይወስንም። ያን የሚወስነው መምህሩ ነው። ስለሆነም መምህሩ የሚመራበት ሐሳብ ከወዴት እንደመጣና ምን ያህል እንደሚያስኬድ መመርመር ይገባል።

የጥናቱ ታሪክና ይዘት

አና ፍሮይድ ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ከአባታቸው ከሲግመንድ ፍሮይድ ጋር ከቪየና ወደ ለንደን የተሰደዱ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ከዶሮቲ በርሊንግሃም ጋር በመሆን በለንደን ሐምፕስቴድ የጦርነት ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት አቋቁመው ይመሩ ነበር። በዚያም ሕፃናትን ከቦምቡ ፍንዳታ ይልቅ ከእናታቸው መለየት አብልጦ እንደሚጎዳቸው ተመለከቱ። ከዚህም የተነሣ ሕፃናቱን በብዛት አንድ ላይ ማሳደግን ትተው፣ ለእያንዳንዷ ሞግዚት ጥቂት ልጆች በመስጠት ቤተሰብ መሰል ቡድኖችን አደራጁ። ሶፊ ዳንና እኅታቸው ገርትሩድ ዳን በዚህ ተቋም ይሠሩ ነበር። ሁለቱም ከጀርመን አገር የተሰደዱ ስለሆኑ አፍ የፈቱት በጀርመንኛ ነው። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል።

ስድስቱ ሕፃናት፣ ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ከ1941 መጨረሻ እስከ 1942 መገባደጃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ወላጆቻቸው አይሁድ በመሆናቸው ተገድለዋል። ሕፃናቱም ገና በጨቅላነታቸው በቼክ ምድር ወደሚገኘው የቴሬዚን ማጎሪያ ተወስደው እናት የሌላቸው ሕፃናት በሚጠበቁበት ክፍል አደጉ። ይጠብቋቸው የነበሩትም ምግብ የጎደላቸው፣ ሥራ የበዛባቸውና ነገ ወዴት እንደሚወሰዱ የማያውቁ እስረኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1945 ነፃ ከወጡ በኋላ በነሐሴ ገደማ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ አገር መጡ፤ ዊንደርሚር በተባለው ቦታ ሁለት ወር ያህል ቆይተው፣ በጥቅምት ወር አጋማሽ በሰሴክስ አውራጃ ዌስት ሆትሊ በተባለ መንደር ወደሚገኘው «ቡልዶግስ ባንክ» ወደተሰኘ ቤት ተዛወሩ። በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት እስከ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ነበር።

ጥናቱ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳይሸፋፍን ይተርካል። ሕፃናቱ የተሰጧቸውን መጫወቻዎች በሙሉ ሰባበሩ፤ ከቤቱ ዕቃም ብዙውን አበላሹ። ሞግዚቶቹን ይመቱ፣ ይነክሱ፣ ይተፉባቸውም ነበር። ሲቆጡም በጀርመንኛ ከበሬ ጋር እያመሳሰሉ ይሰድቧቸው ነበር። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሞግዚቶቹ በቤቱ ውስጥ ፈጽሞ የሌሉ ያህል ዘንግተዋቸው ይውላሉ። እርስ በርሳቸው ግን የነበራቸው ጠባይ ከዚህ የተለየ ነበር። አንዱ ከሌላው ለጥቂት ጊዜ እንኳ ሲለይ ያለ ማቋረጥ ይጠይቁ ነበር። ምግብ ሲቀርብ ከራሳቸው ይልቅ ለባልንጀራቸው መድረሱን ያስቡ ነበር። ኬክ አልቆበት ያለቀሰውን ልጅ ሌሎቹ ከድርሻቸው ቆርሰው አብልተውታል። ሁሉም ውሻ በጣም ይፈሩ ስለነበር፣ አንድ ቀን ውሻ ሲጠጋቸው አንዱ ሕፃን በድንጋጤ ጮኸ፤ ከሴቶቹ አንዷ ራሷ እየፈራች ወደ እርሱ ሄዳ እንዲጽናና የራሷን መጫወቻ ጥንቸል ሰጠችው።

ከስድስቱ አንዷ በቆዳ በሽታ ምክንያት ስድስት ሳምንት ያህል ዘግይታ ነው የደረሰችው። እርሷ ስትመጣ ቀደም ብለው መላመድ የጀመሩት አምስቱ፣ መተው የጀመሩትን አመል መልሰው ያዙ። ዓመቱ ሲፈጸም ግን ሕፃናቱ ከሞግዚቶቻቸው ጋር ተዋድደው፣ እንግሊዝኛም ለምደው ነበር። ደራሲዎቹም በመደምደሚያቸው ሕፃናቱ ያለባቸው ጭንቀትና ብስጭት ብዙ ቢሆንም አእምሯቸው የጎደለ ወይም ወደ ወንጀል ያዘነበሉ አለመሆናቸውን ያስረዳሉ። ለዚህም ዋናው ምክንያት እርስ በርሳቸው የነበራቸው መተሳሰር ነው ይላሉ።

ጥናቱ በግልጽ የሚያስተምረው

በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ ልብ ሊባል የሚገባው ሕፃናቱ ወደ ሞግዚቶቻቸው የቀረቡበት መንገድ ነው። ደራሲዎቹ እንደመዘገቡት፣ ሕፃናቱ በመጀመሪያ ለአዋቂዎቹ ያሳዩት በጎ ስሜት አንድ ልጅ ለእናቱ የሚያሳየው ዓይነት ፍቅር አልነበረም። መጀመሪያ ያደረጉት ሞግዚቶቹን ከቡድናቸው አባላት እንደ አንዱ መቁጠር ነው። ለእርሳቸው እንደሚያደርጉት ሁሉ ለሞግዚቶቹም ድርሻቸው እንዲሰጣቸው፣ ተራቸው እንዲጠበቅላቸው ይከራከሩ ጀመር። አንዱ ሕፃን አንዷን ሞግዚት የራሱ አድርጎ መውደድ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ወደ እያንዳንዱ ሕፃን ልብ የሚያደርሰው መንገድ ያለፈው በባልንጀሮቹ በኩል ነው ማለት ነው።

ይህ ከተለመደው አሠራር ጋር ሲነጻጸር የክርክር ምክንያት ይሆናል። አዲስ የመጡ ስደተኛ ሕፃናት ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ በአብዛኛው የሚደለደሉት በዕድሜ ነው። የአምስት ዓመቷ እኅት ወደ ከፍተኛው ክፍል፣ የሦስት ዓመቱ ወንድም ወደ ዝቅተኛው ክፍል ይላካሉ። ከአንድ አካባቢ የመጡ ልጆችም ቋንቋውን ቶሎ እንዲለምዱ በሚል አሳብ በየክፍሉ እንዲበታተኑ የሚመከርበት ጊዜ አለ። አሳቡ በቅንነት የተነገረ ነው። ይሁን እንጂ መምህሩ ልጆቹን ሲበታትን መንገዱን ያሳጠረ ይመስለዋል እንጂ የሚቆርጠው ወደ ሕፃኑ የሚያደርሰውን ድልድይ ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ስፍራ በትክክል ይሠራል። ሁለት ሆኖ የገባ ሕፃን የሚፈራውን በግማሽ ይፈራል፤ የሚደፍረውን በእጥፍ ይደፍራል።

በሌላ በኩል ጥናቱ ስደተኞቹን ልጆች ለብቻቸው አጥሮ ማስቀመጥ ይገባል ብሎ እንደማያስተምርም መታወቅ አለበት። የቡልዶግስ ባንክ ሕፃናት ውሎ አድሮ ወደ ሌሎች ሰዎችና ወደ አዲሱ ቋንቋ የተሸጋገሩት መደገፊያቸው ሳይፈርስ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስደተኛው ሕፃን ከአገሬው ልጅ ጋር ይቀላቀል ወይስ አይቀላቀል የሚል አይደለም። ጥያቄው ከማን ጋር ሆኖ ይቀላቀል የሚል ነው።

ዘግይታ ስለመጣችው ሕፃን የተጻፈውም ለመምህራን ልዩ ጠቀሜታ አለው። በስደተኞች ጣቢያ በሚገኙ የሕፃናት ማዕከሎች አዲስ ልጅ የሚመጣው በዓመቱ መጀመሪያ ብቻ አይደለም፤ ድንበሩ በታወከ ቁጥር በማናቸውም ወር ይመጣል። አዲሱ ሲገባ የቀድሞዎቹ ተረጋግተው የነበሩት ልጆች መልሰው ሲረበሹ፣ መምህሩ የደከመበት ሁሉ ከንቱ የሆነ መስሎት ተስፋ ሊቆርጥ ወይም አዲሱን ልጅ በአጥፊነት ሊመለከተው ይችላል። ጥናቱ የሚያሳየው ይህ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን ነው። ልጆቹ በአዲሱ ባልንጀራቸው ውስጥ የትናንቱን ራሳቸውን ያዩታል፤ ከዚያም ተመልሰው ይወጣሉ።

ጥናቱ ያልመዘነው

አሁን ወደ ጽሑፉ ጉድለት እንሻገር። ከሁሉ የሚከብደው የቋንቋው ነገር ነው። ሕፃናቱ ሲመጡ የሚናገሩት ከቼክኛ ቃላት ጋር የተደባለቀ ጀርመንኛ ነበር። ደራሲዎቹ በመደምደሚያቸው፣ በዚያ ሁሉ መናወጥ መካከል አዲስ ቋንቋ መልመዳቸው ከአካባቢያቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነት አለመበላሸቱን እንደሚያስረዳ ይገልጻሉ። ትዝብቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሕፃናቱ አዲሱን ቋንቋ የለመዱት አሮጌውን በሚያውቁ ሰዎች እጅ ሆነው መሆኑ በመደምደሚያው ላይ ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ተቆጥሮ አናገኘውም። ሕፃኑ በጀርመንኛ ሲሳደብ ሞግዚቷ ስድቡን ሰማችው። ስድብን መስማት የቻለች ሞግዚት ልመናንም፣ ፍርሃትንም፣ የሌሊት ቅዠትንም ትሰማለች። ያን ስድብ የሰማችው እንግሊዝኛ ብቻ የምታውቅ ሞግዚት ብትሆን ኖሮ በመዝገቧ ላይ የምታሰፍረው «ሕፃኑ ጮኸ» የሚል ብቻ በሆነ ነበር። እንግዲህ ጥናቱ በዝርዝርነቱ የሚደነቀው፣ ቤቱም በውጤቱ የሚመሰገነው፣ በከፊል ማንም ባልመዘነው በዚህ ነገር ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉድለት የመጠኑ ነው። ስድስት ሕፃናትን ሦስት ወይም አራት አዋቂዎች የሚጠብቁበት ቤት ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ቡድን በሌለበት የቀረበ ነው። ደራሲዎቹ «ሙከራ» ብለው ቢሰይሙትም፣ እጣ የፈጠረውን ሁኔታ በጥንቃቄ መዘገቡት እንጂ ሁኔታውን ራሳቸው አላዘጋጁትም። አንዲት መምህርት ብዙ ልጆችን በአንድ ክፍል በምትይዝበት አገር ይህን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። በተጨማሪም የጽሑፉ ትርጓሜ በሳይኮአናሊሲስ ቃላት የተሞላ ስለሆነ፣ በዚያ ትምህርት ያልሠለጠነ መምህር ከማብራሪያው ይልቅ በተመዘገበው ድርጊት ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል። ድርጊቱ ከትርጓሜው ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል።

ሦስተኛው ጉድለት ለእኛ አንባቢዎች በተለይ አሳሳቢ ነው። የቡልዶግስ ባንክ ሕፃናት የሚጮኹ፣ የሚሰብሩና የሚነክሱ ነበሩ። ሐዘናቸውን ሁሉ ሰው አየው። በዝምታ የሚያዝነው ሕፃን ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም። በእኛ ባህል ደግሞ ዝምተኛ ልጅ ጨዋ ልጅ ተብሎ ይመሰገናል፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለም ይመከራል። ስለዚህ አዲስ የመጣ ሕፃን ጥግ ይዞ፣ የተሰጠውን ተቀብሎ፣ ያልተጠየቀውን ሳይናገር ሳምንታት ቢቆይ፣ መምህሩ ሥራውን ያቀለለለት ይመስለዋል። አዲስ ቋንቋ የሚሰማ ሕፃን ለተወሰነ ጊዜ ሳይናገር እየሰማ መቆየቱ የተለመደ ነው፤ በዚህ ጊዜ እንዲናገር ማስገደድ አይገባም። ነገር ግን ቋንቋ በማያስፈልገው ጨዋታም የማይሳተፍ፣ የእናቱን ቋንቋ ከሚናገሩት ጋር እንኳ አፉን የማይከፍት፣ ምግብና እንቅልፍ የተወ ሕፃን ዝምታው የጨዋነት አይደለም። በእንግሊዝ አገር የነበሩት ስድስቱ መጫወቻ በመስበር የተናገሩትን እርሱ የሚናገረው ዝም በማለት ነው። የአና ፍሮይድንና የሶፊ ዳንን ጽሑፍ አንብቦ ችግር ያለበት ልጅ የሚረብሸው ብቻ ነው ብሎ የሚደመድም መምህር ጥናቱን ከሚገባው በላይ አስፍቶ ተርጉሞታል።

አራተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ጥናቱ የሚያበቃው ከአንድ ዓመት በኋላ ሕፃናቱ ወደ ሌላ ማሳደጊያ ሊዛወሩ ሲሉ ነው። ሣራ ሞስኮቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት «ጥላቻ ቢኖርም ፍቅር» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው መጽሐፍ፣ በዚያው ማሳደጊያ ያደጉትን ሰዎች በጎልማሳነታቸው አነጋግሮ ያቀረበ ነው። መጽሐፉ በልጅነታቸው መከራ ያዩ ሁሉ የጠፉ ናቸው የሚለውን አስተያየት የሚያፈርስ ነው፤ ብዙዎቹ ሠርተው አዳሪ፣ ቤተሰብ መሥራች ሆነዋል። ይሁን እንጂ የጉድለቱ ስሜት፣ ወላጆቼ እነማን ነበሩ፣ እኔስ የማን ነኝ የሚለው ጥያቄ፣ አብሯቸው አድጓል። ይህም የሚያስገነዝበን ሕፃንን ማረጋጋት ብቻ በቂ አለመሆኑን ነው። ሕፃኑ የመጣበት ታሪክ በጽሑፍ ካልተያዘለት፣ ከዓመታት በኋላ ሲፈልገው የሚሰጠው አያገኝም።

በእኛ መዋዕለ ሕፃናት ሲታይ

ከላይ የተመለከቱት ነጥቦች ወደ አገራችን ሲመጡ በቅድሚያ አንድ ልዩነት መጠቀስ አለበት። ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት ስደተኛ ሕፃናት በአብዛኛው እንደ ስድስቱ ዘመድ አልባ አይደሉም። በጋምቤላ ከገቡት ብዙዎቹ የመጡት ከእናታቸው፣ ከአያታቸው ወይም ከታላቅ እኅታቸው ጋር ነው። ብቻቸውን ድንበር የተሻገሩትንም ቢሆን የጎሣና የመንደር ሰው ተቀብሎ የሚያሳድጋቸው ብዙ ናቸው። እንግዲህ በቡልዶግስ ባንክ የባልንጀሮች ቡድን የያዘውን ቦታ በእኛ ዘንድ የሚይዘው ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ወይም ታናሽ ወንድሟን አዝላ የመጣች ልጃገረድ ናት። ስለዚህ የጥናቱ ትምህርት በእኛ አገር ሲተረጎም፣ እናቲቱ ወይም ታላቅ እኅቲቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ክፍሉ ገብታ ከሕፃኑ ጋር እንድትቀመጥ መፍቀድ ማለት ነው። ይህ ሲሆን ግን የታላቅ እኅቲቱ የራሷ ትምህርት እንዳይቀር ጊዜው የተወሰነ መሆን አለበት፤ አለዚያ ለአንዱ ሕፃን የተሰጠው እርዳታ ከሌላው ሕፃን ተወስዶ የተሰጠ ይሆናል።

ስለ ቋንቋው ሲታሰብ ደግሞ በእጃችን ያለውን ሀብት በሚገባ አላወቅነውም ለማለት ያስደፍራል። የኑዌር ቋንቋ በድንበሩ ወዲያና ወዲህ የሚነገር ሲሆን፣ በጋምቤላ ክልል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል። በስደተኞች ጣቢያዎች ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው ሕፃናትን የሚጠብቁና የሚያስተምሩ ረዳቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች ዘወትር የሚታዩት የሠለጠነ መምህር እስኪገኝ ድረስ የተቀመጡ ማሟያዎች ሆነው ነው፤ የሚከፈላቸውም ከመደበኛ መምህር ደመወዝ በታች ነው። የቡልዶግስ ባንክ ታሪክ የሚያስተምረው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ዳን እኅትማማቾች ራሳቸው ስደተኞች ነበሩ፤ ለሥራው የበቁትም ሥልጠናቸው ከቋንቋቸውና ከደረሰባቸው ጋር ስለተጋጠመ ነው። ስለሆነም ስደተኛው ረዳት ሥልጠና የሚጎድለው ከሆነ ሥልጠናውን መስጠት ይገባል እንጂ፣ በጎደለው ምክንያት ያለውን መናቅ አይገባም። ክፍያው አነስተኛ በመሆኑ ረዳቱ በየጊዜው ሥራውን ሲለቅ ሕፃኑ የለመደውን ሰው ደግሞ ደጋግሞ ያጣል። ሕፃናትን ከቦምብ ይበልጥ የጎዳቸው መለየት መሆኑን ሐምፕስቴድ ካስተማረን፣ የረዳቱ ደመወዝ የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ስደተኛው ሕፃን ከአገሬው ልጆች ጋር በመንግሥት ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ቋንቋውን የሚናገር መምህር ላይገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ መምህርቷ ቢያንስ ጥቂት ቃላትን፣ ይኸውም ውኃ፣ ሕመም፣ ሽንት ቤት፣ እናትህ ትመጣለች የሚሉትን፣ ከወላጁ ጠይቃ በራሷ ፊደል ጽፋ ልትይዝ ትችላለች። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻው ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ነው።

የመዝገቡም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ሕፃን ሲመዘገብ ስሙ ለአጠራር ያስቸግራል ተብሎ ከተቀየረ ወይም እንደነገሩ ከተጻፈ፣ ከቤቱ ይዞት የወጣው የመጨረሻው ንብረት ተወሰደበት ማለት ነው። ስሙ ቤተሰቡ እንደሚጠራው ይጻፍ። ከስሙም ጎን የሚናገረው ቋንቋ፣ የመጣበት መንደርና አብረውት የመጡት ሰዎች ይመዝገቡ። ይህ የአንድ ገጽ ሥራ ነው፤ ሞስኮቪትዝ ያነጋገሯቸው ጎልማሶች ግን እንዲህ ያለችውን አንዲት ገጽ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙ ኖረዋል።

መደምደሚያ

አና ፍሮይድና ሶፊ ዳን የጻፉት ጽሑፍ ሰባት ዐሥርት ዓመታት አልፈውትም ለመነበብ የሚገባው ነው። ብርታቱ ሕፃናቱን ከመፍረዱ በፊት መመልከቱ፣ ክፉውን ጠባይ ሳይደብቅ በጎውን ፈልጎ ማግኘቱ ነው። ድካሙ ደግሞ ያጠናቸው ስድስት ብቻ መሆናቸው፣ ዝምተኛውን ሕፃን አለማሳየቱ፣ ከሁሉም በላይ ሞግዚቶቹ የሕፃናቱን ቋንቋ ማወቃቸውን ከውጤቱ ምክንያቶች መካከል አለማስገባቱ ነው። ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች ሲሰጥ ከነጉድለቱ ቢሰጥ ይበጃል።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎ በሥርዓቱ ውስጥ አስገብቶታል። እንግዲህ ብዙ ስደተኛ ሕፃናት ከመንግሥት መምህር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙት በዚህ ደረጃ ይሆናል ማለት ነው። መምህሩ በዚያች ቀን ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮችን ሊያደርግ ይችላል። ሕፃኑን ከወንድሙ ወይም አብሮት ከመጣው ባልንጀራው አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ትልቅ ቢሆን ትንሽ፣ ፈልጎ ያገናኘዋል፤ ነገም ከነገ ወዲያም በዚያው ቦታ ራሱ ይገኝለታል። የክፍል ጥበት፣ የመጽሐፍ እጥረትና የመምህር ማነስ ከመምህሩ አቅም በላይ ናቸው፤ እነዚህ ሦስቱ ግን በእጁ ናቸው። ሕፃኑን በማን አጠገብ እናስቀምጠው የሚለው ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ በምዝገባ ቀን የሚነሣ ነውና፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከድልድል በፊት የሚሠራበት አጭር መመሪያ ቢያወጡለት ተገቢ ይሆናል።